አይነሡ፣ እማማ ዘርፈሽ

ከታችኛው የሐይፋ ከተማ ተነሥቶ ወደ ኔቬ ዮሴፍ ሰፈር በሚወጣው የአውቶቡስ መስመር ላይ ዐሥራ አንድ የመንገድ ጉብታዎች አሉ። ኮኮብ አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች። ዐሥራ አራት ዓመት መሪ የጨበጠች ሾፌር ናት፤ የትኛው ጉብታ ለስለስ እንደሚል፣ የትኛው የተሳፋሪን ጥርስ እንደሚያጋጭ ቢጠይቋት ዐይኗን ጨፍና ትናገራለች። ለነገሩ ባይጠይቋትም ትናገራለች። ኮኮብ ዝም ማለት ከማይሆንላቸው ሰዎች አንዷ ናት። ለዚህም በቂ ምክንያት አላት፤ እንመለስበታለን።

ዕለቱ ዐርብ ነበር። ዝናቡ ጧት ዘንቦ አባርቷል፤ ፀሐይ ጠልቃ ሰንበት ሊገባ ሦስት ሰዓት ያህል ቀርቶታል። ኮኮብ ይህን አንድ ዙር ወጥታ አውቶቡሱን ጋራዥ ካስገባች በኋላ ቤቷ ገብታ ጫማዋን ልታወልቅ ነው። በሆስፒታሉ በር ካለው ፌርማታ ላይ ስትቆም እማማ ዘርፈሽ የበሩን ብረት ይዘው ቀስ ብለው ወጡ።

እማማ ዘርፈሽ ከኮኮብ ሕንፃ ቀጥሎ ባለው ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ስድሳ ስምንት ዓመት የሆናቸው የወገራ ቤተ እስራኤል ሴት ናቸው። በእግራቸው ሱዳን ተሻግረው እስራኤል ገብተው፣ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የትምህርት ቤት ወለል ሲወለውሉ ኖረዋል። ሰው ማስቸገር የሚባል ነገር አያውቁበትም። ቤታቸው ቢቃጠል እንኳ የእሳት አደጋ ሠራተኞቹን «ምሳ በላችሁ ወይ?» ሳይሉ ወደ እሳቱ የሚመሯቸው አይመስለኝም።

«እንዴት ዋልሽ ልጄ? እናትሽ ደኅና ናት? ልጆችሽስ? ጉልበትሽን ያምሽ ነበር፣ ተሻለሽ?»

«ደኅና ነኝ እማማ። እርስዎስ? ከሆስፒታል ነው የሚመጡት?»

«ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ትንሽ ሆዴን ብሎኝ ነው። አዩኝና ሸኙኝ። ጎበዞች ናቸው፣ ይባረኩ።»

ይህን ብለው ከበሩ ቀጥሎ ባለው ወንበር፣ ልክ በኮኮብ መስታወት ውስጥ በሚታዩበት ተቀመጡ። ኮኮብ አቀማመጣቸው ደስ አላላትም። ወገባቸውን ጎበጥ፣ ቀኝ እግራቸውን ሰብሰብ አድርገው ነበር። ቢሆንም በሩን ዘግታ ነዳች።

የመጀመሪያው ጉብታ ሊደርስ ሲል እማማ ዘርፈሽ ሁለት እጃቸውን ወንበሩ ላይ ተክለው ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። ብድግ ስል አንድ ጣት ያህል ብቻ ነው፤ ያየ ሰው ነጠላቸውን የሚያስተካክሉ ይመስለዋል። አውቶቡሱ ጉብታውን ሲያልፍ መልሰው ተቀመጡ። ፊታቸው ላይ ምንም የለም። ሁለተኛው ጉብታ ላይም እንደዚሁ። መንገዱን ከሠላሳ ዓመት በላይ ስለተመላለሱበት ጉብታው የት እንዳለ ከሾፌሯ እኩል ያውቃሉ፤ ሳይደርስባቸው ቀድመው ራሳቸውን ያነሡ ነበር።

ሦስተኛው ላይ ኮኮብ መስታወቱን ስታይ ሳታስበው በአንድ እጇ የራሷን ሆድ ዳሰሰች።

ወደ ምክንያቷ እንመለስ። ኮኮብ በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ወታደር ሳለች ሆዷን አመማት። የሕክምና ባለሙያው ወታደር ምን እንደ ሆነች ጠየቃት፤ እሷም እናቷ እንዳስተማረቻት ሰው ፊት ሳትጮህ፣ ጥርሷን ነክሳ «ትንሽ ሆዴን» አለችው። ሁለት ፍሬ አካሞል የሚባል ማስታገሻ ሰጥቶ ወደ ድንኳኗ መለሳት። በሦስተኛው ቀን በጭነት መኪና ሲወስዷት መንገዱ ላይ ያለው እያንዳንዱ ጠጠር ቢላዋ ሆኖባት፣ የመኪናውን ብረት ይዛ ተንጠልጥላ ነው የሄደችው። ትርፍ አንጀቷ ውስጧ ፈንድቶ ነበር። አርባ ቀን ሆስፒታል ተኛች፣ ከሞት አፋፍ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ በዝምታ ላይ ቂም ይዛለች። ቢያማት ትጮኻለች፣ ቢበድሏት ትጮኻለች፣ ሻይዋ ቢቀዘቅዝም ትጮኻለች።

አሁን መስታወቷ ውስጥ ያየችው ያንን የጭነት መኪና ነው።

እርግጠኛ መሆን ፈለገች። አራተኛውን ጉብታ እንደ ቀንድ አውጣ እየተሳበች አለፈችው፤ እማማ ዘርፈሽ እጃቸውን ጭናቸው ላይ እንዳሳረፉ ተቀምጠው አለፉ። አምስተኛውን «እግዜር ይቅር ይበለኝ» ብላ ፍሬኑን ሳትነካ አለፈችው። አልጮኹም። የነጠላቸውን ጫፍ ነከሱት፣ ከንፈራቸው ነጣ፣ ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ። ኮኮብ በራሷ ላይ ተናደደች፤ ቢሆንም አወቀች።

የቀሩትን ስድስት ጉብታዎች እየዳኸች ወጣች። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ጎረምሳ ትዕግሥቱ አለቀ።

«አንቺ ሾፌር! ሻባት ሊገባ ነው፣ በእግሬ ብሄድ እቀድምሻለሁ!»

«ቅደመኛ! በሩን ልክፈትልህ?»

የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ሁሉም ሲወርዱ እማማ ዘርፈሽ ዳቦ የያዘች ፌስታላቸውን አንሥተው የወንበሩን ብረት ጨበጡ። ኮኮብ ከመሪዋ ተነሥታ ፊታቸው ተንበረከከች።

«እማማ፣ ሕመሙ መቼ ጀመረዎት?»

«ተይ ልጄ፣ ይልቅ ቤትሽ ግቢ። ሰንበት ደርሷል።»

«መቼ ጀመረዎት?»

«ረቡዕ ማታ ነው። እምብርቴ ዙሪያ ቆረጥ ቆረጥ አደረገኝ። የበላሁት ነገር ነው ብዬ ተውኩት።»

«አሁንስ የት ነው?»

የእማማ ዘርፈሽ እጅ ከእምብርታቸው ወደ ቀኝ፣ ወደ ታች ወረደና ከዳሌያቸው አጥንት ከፍ ብሎ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ኮኮብ ሸሚዟን ብትገልጥ ጠባሳዋ እዚያው ቦታ ላይ ነው።

«ምግብስ?»

«ከትናንት ጧት ጀምሮ እህል አላሰኘኝም። ውሃውንም ይመልሰኛል።»

«ይህን ሁሉ ለሐኪሙ ነግረውታል?»

እማማ ዘርፈሽ ከቦርሳቸው አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ሰጧት። የሐኪሙ ደብዳቤ ነበር። ኮኮብ ዕብራይስጡን እያነበበች ወደ አማርኛ ስትመልሰው ድምፅዋ እየጨመረ ሄደ።

«'ታካሚዋ ያለማንም ድጋፍ ተነሥታ ትቆማለች' ይላል! ተነሥተው ነበር እንዴ?»

«ታዲያ ሐኪሙ ሲገባ ተጋድሜ ልቆየው? የተማረ ሰው፣ የተከበረ ሰው! ተነሣሁለት እንጂ። ሦስት ጊዜ ገባ፣ ሦስት ጊዜ ተነሣሁለት።»

«'የምግብ ፍላጎቷ ጥሩ ነው' ይላል!»

«ነርሷ ልጅ 'በልተሻል ወይ?' ብትለኝ 'ጠግቤአለሁ፣ ተባረኪ' አልኳት። ሰው ዘንድ ሄጄ ራበኝ ልበል?»

«'ሕመሟ ከዐሥር አንድ ነው' ይላል!»

«ሕመምሽን ከዜሮ እስከ ዐሥር በቁጥር ጥሪ አለችኝ። ከጎኔ አንድ ልጅ እግሩ ተሰብሮ ይጮሃል። እሱ እያለ እኔ ዐሥር ልበል? አንድ ይበቃኛል አልኳት።»

ቁጥሩን እንደ ማዕድ ቆጥረው ትንሹን ነበር ያነሡት። ኮኮብ ልትስቅ ከጀላት፤ እንባዋ ቀደመ። ደብዳቤው ከላይ እስከ ታች ውሸት የለበትም። ይሉኝታ ግን ሞልቶታል፤ ሐኪሙ ያንን ነው በማኅተም አጽድቆ «የሆድ ድርቀት ነው፣ ውሃ ትጠጣ፣ ትረፍ» ብሎ የሸኛቸው።

«እማማ፣ ይህ ትርፍ አንጀት ነው። ተቆጥቷል፤ ካልወጣ ይፈነዳል። አሁኑኑ እንመለስ።»

«አሁንማ አይሆንም። ሰንበት ሊገባ ነው። ሰንበት ወጥቶ እሑድ ጧት እሄዳለሁ።»

«እሑድ ድረስ አይቆይም!»

«ኮኮብ፣» አሉ እማማ ዘርፈሽ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆጣ ብለው። «ሱዳን በረሃ ላይ፣ ሽፍታ ከኋላ እየመጣ፣ ሰንበትን ቁጭ ብለን ነው ያከበርነው። ዛሬ ለሆድ ቁርጠት ብዬ ልሻረው? ይልቅ እጄን ይዘሽ አውርጂኝ።»

ኮኮብ የሚሆነውን አንድ በአንድ አየችው። እማማ ዘርፈሽ ቤታቸው ይገባሉ። በራቸውን ይዘጋሉ። ክርያት ቢያሊክ ከተማ ሱቅ ውስጥ የምትሠራው ልጃቸው ሊቶር ብትደውል «ደኅና ነኝ» ይሏታል። ሰንበት ከገባ በኋላ ስልክ አያነሡም፣ መኪና ላይ አይወጡም፣ ጎረቤት አይጠሩም። ነገ ማታ ሰንበት ሲወጣ በር የሚያንኳኳ ሰው ምን እንደሚያገኝ ኮኮብ ማሰብ አልፈለገችም። እሷን በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ሊገድላት የደረሰ ነገር የስድሳ ስምንት ዓመት ሴት ላይ ምን ይራራል?

ወደ መሪዋ ተመልሳ በሩን ዘጋችው።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ወደ ሆስፒታል እየወሰድኩዎት ነው።»

«አውርጂኝ!»

«አላወርድዎትም።»

«እኔ እኮ እናትሽን የማክል ሰው ነኝ!»

«እናቴ ብትሆንም አላወርዳትም። ይርገሙኝ፣ ይስደቡኝ፣ ዕድሜ ልክዎን አያናግሩኝ። ግን በሕይወት ሆነው ነው የማያናግሩኝ!»

በሕይወቷ ለትልቅ ሰው አልታዘዝም ስትል ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። የመጣችበትን መንገድ ትታ፣ ረጅሙን፣ ጉብታ የሌለውን የታችኛውን አውራ ጎዳና ያዘች። ሁለት ደቂቃ ሳትሄድ ሬዲዮው ጮኸ። ሰድራኑ ዩቫል ነው፤ አውቶቡሶቹን ከቢሮ ሆኖ በስክሪን የሚቆጣጠር፣ ክፋት የሌለው ግን ደንብ የማይለቅ ሰው።

«ኮኮብ፣ የት ነሽ? መስመርሽ አይደለም። መኪናው ጋራዥ መግባት አለበት።»

«የታመመ ሰው ይዣለሁ። ሆስፒታል እየሄድኩ ነው።»

«አምቡላንስ ጥሪ። ደንቡ እሱ ነው።»

«አምቡላንስ ከመጣ 'ደኅና ነኝ፣ ይባረኩ' ብለው ይሸኙታል። አታውቃቸውም።»

«ኮኮብ፣ ይህን መጻፍ አለብኝ።»

«ቤሰደር፣ እሺ። ጻፍ! ስሜን በትልልቁ ጻፈው።»

እማማ ዘርፈሽን በመስታወቱ ስታያቸው ዐይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ለሰንበት ይቅርታ እየጠየቁ ይሁን እሷን እየረገሙ አላወቀችም። የፈለጉትን ያድርጉ ብላ ነዳች።

አውቶቡሱን አምቡላንስ በሚቆምበት ቦታ ላይ፣ የድንገተኛ ክፍሉ በር ፊት አቆመችው። ጥበቃው እጁን እያወናጨፈ ሮጠ።

«እዚህ አይቆምም! ቅጣት ይጻፍብሻል!»

«አንተም ጻፍ! ዛሬ ሁሉም ሰው ይጻፍብኝ። መጀመሪያ ግን ተሽከርካሪ ወንበር አምጣ!»

ጥበቃው ወንበሩን አመጣ። አንዳንድ ሰው ሲጮኹበት ነው የሚገባው።

ሐኪሙ ዶክተር ኤታን ይባላል። ወጣት ነው፣ ከትናንት ጧት ጀምሮ አልተኛም፣ ዐይኑ ቀልቷል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን መካድ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። መጋረጃውን ገልጦ ሲገባ እማማ ዘርፈሽን አይቶ ፊቱን ኮስተር አደረገ። እማማ ዘርፈሽ ደግሞ ክርናቸውን አልጋው ላይ ተክለው፣ ቀኝ እግራቸውን እየጎተቱ፣ መነሣት ጀመሩ።

ኮኮብ ትከሻቸውን ይዛ ወደ ትራሱ መለሰቻቸው። «አይነሡ!»

«ነውር ነው! ልቀቂኝ!»

«አይነሡም አልኩ!»

«ምን ተፈጠረ?» አለ ዶክተር ኤታን። «ከሁለት ሰዓት በፊት ነው ያየኋት። የደም ምርመራዋ ብዙ አያሳስብም። ሆዷን ነክቻለሁ። ራሷ ናት አንድ ብላ ቁጥር የሰጠችው። ቆማ ነው ያናገረችኝ።»

«ለአንተ ነው የቆሙት!» አለች ኮኮብ። «ስለሚያከብሩህ! እኛ ዘንድ የተከበረ ሰው ሲገባ ተኝቶ መጠበቅ ብልግና ነው። በመቁረጫ ቢቆርጧቸውም ይነሡልሃል። አንተ ክብሩን ተቀብለህ ጤና ብለህ ጻፍከው።»

«አንቺ ሐኪም ነሽ?»

«ሾፌር ነኝ። ሐኪሙ አንተ ነህ፤ ስለዚህ እንደገና እያቸው። ረቡዕ ማታ እምብርታቸው ላይ ጀመረ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ወረደ። ከትናንት ጀምሮ አልበሉም፣ ውሃም ይመልሳቸዋል። መንገድ ላይ ያለ ጉብታ ሁሉ ያስነሣቸዋል።»

«ጉብታ?» አለ ሐኪሙ። ድምፁ ውስጥ አንድ ነገር ተለወጠ። «በጉብታ ላይ ሲታለፍ ያማታል?»

«በዐይኔ አይቻለሁ።»

ዶክተር ኤታን እጁን አሙቆ በቀኝ በኩል ሆዳቸውን ቀስ ብሎ ተጫነ፤ ከዚያ በድንገት ለቀቀው። «ያምሻል?»

«ደኅና ነኝ፣» አሉ እማማ ዘርፈሽ ጣሪያውን እያዩ። «እግዚአብሔር ያክብርህ።»

ሐኪሙ ወደ ኮኮብ ዞሮ እጁን ዘረጋ፤ ይኸው፣ ምን ላድርግ የሚል ነበር።

«ፊታቸውን አትይ፣» አለች ኮኮብ። «እግራቸውን እይ።»

ከብርድ ልብሱ ጫፍ የወጡት የእማማ ዘርፈሽ የእግር ጣቶች ጭምድድ ብለው ታጥፈው ነበር። ሐኪሙ አያቸው፤ አሁንም ግን ያመነታል። በሩ ላይ ሌላ ሰው ይጠራዋል፣ ስልኩ ይጮኻል፣ ከኮሪደሩ አንድ ሕፃን ያለቅሳል። ኮኮብ ሊወጣ መሆኑን ከትከሻው አወቀች። ከወጣ መመለሱን እንጃ።

ያን ጊዜ እግሯን አንሥታ የአልጋውን ጎማ በሙሉ ኃይሏ መታችው።

አልጋው ዘለለ። እማማ ዘርፈሽ «እሪ! ወየው ሆዴን!» ብለው ጮኹ። አርባ ዓመት በዚህ አገር ጮኸው የማያውቁ ሴት፣ ሱዳን ላይ የመጀመሪያ ልጃቸውን ሲቀብሩ እንኳ ድምፃቸው ያልወጣ ሴት፣ ድንገተኛ ክፍሉ እስኪሰማ ጮኹ። እጃቸው ብር ብሎ ወርዶ ያንኑ ቦታ ያዘ። ሲያለቅስ የነበረው ሕፃን እንኳ ልቅሶውን አቆመ።

«ይህ ነው ጉብታ ማለት፣» አለች ኮኮብ። እግሯን አሟት ነበር፤ አልተናገረችም።

ዶክተር ኤታን ስልኩን አጠፋና ወደ አልጋው ተመለሰ። የእማማ ዘርፈሽን ቀኝ ተረከዝ በመዳፉ ቀስ ብሎ መታ አደረገው። እንደገና ጮኹ። ከዚያ በኋላ ማንንም አልጠየቀም። ለነርሷ የሲቲ ስካን ምርመራ አሁኑኑ እንዲደረግና ከቀዶ ሕክምና ክፍል ሰው እንዲጠራ ነገራት። ለኮኮብ ደግሞ፣ ለራሱም ጭምር ይመስላል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በዚህ ዕድሜ ትኩሳቱም ደሙም ያታልላል፤ ማወቅ ነበረብኝ» አለ።

እማማ ዘርፈሽ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ያለቅሱ ነበር። ከሕመሙ አይመስለኝም።

«አዋረድሽኝ፣» አሉ። «ወንዶች ፊት አስጮህሽኝ። ሰንበቴንም ወሰድሽብኝ። ዐይንሽን አልይ።»

ኮኮብ ልቧ ተሰበረ። እኚህ ሴት የኮኮብ እናት ስትታመም ስድስት ወር ሙሉ ውሃ ያጠጧት ሴት ናቸው። ይቅርታ ልትል ዳዳት፤ ተወችው። ይቅርታ ብትጠይቅ ውሸት ይሆናል፤ ነገም ቢሆን ትመታዋለች ያንን አልጋ።

«እሺ እማማ፣» አለች። «አይዩኝ።»

ሰንበት ሲገባ እማማ ዘርፈሽ ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ነበሩ። አውቶቡሱን ዩቫል የላከው ሌላ ሾፌር ወስዶታል። ኮኮብ የደወለችላት ሊቶር ከክርያት ቢያሊክ በታክሲ ደርሳ ኮሪደሩ ላይ ከኮኮብ ጎን ተቀምጣለች። ሲጨልም ዶክተር ኤታን ፈረቃው ያለቀ ቢሆንም መጣ።

«ወጥቷል፣» አለ። «ጫፉ ጠቁሮ ነበር። አልፈነዳም፣ ግን ሳይፈነዳ ነገ ላይ አይደርስም ነበር። ደኅና ትሆናለች።»

ሊቶር ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ሐኪሙ አልሄደም፤ ኮኮብ ፊት ቆሞ ቀረ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስትነሣልኝ ምን ማድረግ ነበረብኝ?»

ኮኮብ ሊዋጋት የመጣ መስሏት ተዘጋጅታ ነበር። ጥያቄው ትጥቋን አስፈታት።

«መቀመጥ፣» አለችው። «አንተ ካልተቀመጥክ እነሱ አይተኙም።»

በማግሥቱ ሐኪሙ ወንበር ስቦ ከአልጋው ጎን ተቀምጦ ሳይጠይቅ መቆየቱን ሊቶር ነገረቻት። እማማ ዘርፈሽም በመጨረሻ ቁጥር ሲጠየቁ «ስድስት» ብለዋል። ኮኮብን ግን አላስጠሩም። ኮኮብ በየቀኑ ከሥራ በኋላ እስከ ክፍሉ በር ድረስ ሄዳ፣ ስለ ጤናቸው ነርሷን ጠይቃ ትመለስ ነበር። ዐይንሽን አልይ ብለዋታልና ዐይኗን ይዛ አልገባችም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ኮኮብ በኩባንያው ቢሮ የዲሲፕሊን ስብሰባ ተጠራች። ክሱ ረጅም ነበር፤ መስመር ለቅቃለች፣ የሰድራኑን ትእዛዝ ጥሳለች፣ ተሳፋሪ ያለ ፈቃዷ ወስዳለች፣ የአምቡላንስ መንገድ ዘግታለች። የክፍሉ ኃላፊ ሳሪት አንዲት ወረቀት ገፋ አደረገችላት።

«ተሳስቻለሁ፣ አይደገምም ብለሽ ፈርሚ። በማስጠንቀቂያ ያልቃል።»

«አልፈርምም።»

«ኮኮብ፣» አለ ዩቫል እየለመናት፣ «አንድ ፊርማ ነው።»

«አንድ ነው፤ አውቃለሁ። እማማ ዘርፈሽም አንድ ብለው ነው ሊሞቱ የነበረው። አይደገምም ብዬ ብፈርም ውሸታም ነኝ፤ ምክንያቱም ይደገማል።»

በሩ ተንኳኳ። ሊቶር ገባች፤ በክንዷ እማማ ዘርፈሽን ደግፋለች። ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከስተው፣ ፊታቸው ግን ጠርቶ። ማንም አልጠራቸውም ነበር። ሳሪት ግራ ተጋብታ ወንበር ሰጠቻቸው፤ ኮኮብን ሳያዩ ተቀመጡ።

ወዲያው የኩባንያው ዋና ሥራ አስኪያጅ ገባ፤ ሽበታም፣ ኮት የለበሰ፣ ሲናገር ሰው ዝም የሚልለት። ሳሪት ተነሣች፣ ዩቫል ተነሣ። ኮኮብም ልማድ ሆኖባት ተነሣች። እማማ ዘርፈሽ አልተነሡም። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ኮኮብ ደነገጠች፤ እኚህ ሴት ለፖስተኛ እንኳ የሚነሡ ናቸው።

እማማ ዘርፈሽ በተሰባበረ ዕብራይስጣቸው፣ ግን ጮክ ብለው፣ ለሰውየው «ሐኪሙ አትነሺ ብሎኛል» አሉት። «ስፌቱ ይጎተታል። አሁን ሲያመኝ አመመኝ እላለሁ። ይህችን ልጅ ልትቀጧት እንደ ሆነ እኔንም ቅጡኝ። በሞት መንገድ ላይ ነበርኩ፤ ከመንገዱ ያስወጣችኝ እሷ ናት። መስመር ለቀቀች ትላላችሁ? ለቀቀች እንጂ!»

ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ወረቀቱን አንብቦ ደንብ ደንብ ነው፣ ሥራዋን አታጣም፣ ግን ሁለት ሳምንት ያለ ደመወዝ ትታገዳለች አለ። ካልፈረመች ደግሞ ክሱ በማኅደሯ ይቀመጣል።

«ይቀመጥ፣» አለች ኮኮብ። «ያነበበ ሁሉ ይማርበት።»

ብዕሩን ወረቀቱ ላይ ትታ፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ ጣለችና ወደ በሩ ሄደች። በእማማ ዘርፈሽ ወንበር ፊት ማለፍ ነበረባት። አንገቷን ደፋች፤ ዐይንሽን አልይ ያሏትን አልረሳችም።

ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማች። እማማ ዘርፈሽ አንድ እጃቸውን ቁስላቸው ላይ፣ ሌላውን ጠረጴዛው ላይ ተክለው፣ ሊቶር ልትደግፋቸው ስትል ገፍተዋት፣ እየተነሡ ነበር። ለገዛ ልጃቸው እኩያ፣ ለአውቶቡስ ሾፌር።

«አይነሡ፣ እማማ!» አለች ኮኮብ። «ሐኪሙ እኮ...»

«ሐኪሙን ተይው፣» አሉ እማማ ዘርፈሽ። ቀጥ ብለው ቆመው ዐይን ዐይኗን አዩዋት። «ለማን እንደምነሣ የማውቅ እኔ ነኝ።»